የሃና ቆሻሻ የት ሄደ? በስልኬ ካሜራ ያየሁት



ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ጥያቄ በተደጋጋሚ እየደረሰኝ ነው። «ዶክተር፣ ምነው ቆሻሻ ብቻ ሆነ የምትለጥፈው? ይሄ የጤና ገጽ አይደለም እንዴ?» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ጠንከር አድርጋችሁ «ለምን የከተማችንን ገመና አደባባይ ታወጣለህ?» ብላችኋል። ሁለቱም ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ዛሬ ሁለቱንም እመልሳለሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። በተለይ ትንንሽ ልጆች ያሏችሁ።

አካባቢውን ለማታውቁት፦ ሃና የደቡብ ኦሞ ዞን የሳላማጎ ወረዳ ከተማ ናት። ከጂንካ ተነስታችሁ ማጎን አቋርጣችሁ ነው የምትደርሱት። ቦዲው፣ ሙርሲው፣ ዲሜው፣ ባጫው፣ ከደጋ ለሥራ የመጣው ሁሉ የሚገናኝባት ቦታ ናት። ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ የኦሞ ኩራዝ ስኳር ልማት ሲመጣ መንገድም መጣ፣ ሰውም መጣ፣ ሱቅም ተከፈተ። ከሱቁ ጋር ፌስታልና ሃይላንድ መጣ። ያልመጣው ነገር ፌስታሉንና ሃይላንዱን ወስዶ የሚጥልልን መኪና ነው። ይሄ የሃና ብቻ ችግር አይደለም፤ ገና በማደግ ላይ ያለች የትኛዋም ከተማ ውስጥ የምታዩት ነው። ዕቃው በመኪና ይገባል፣ ቆሻሻው በእግሩ አይወጣም።

ለምን ፎቶ?

እኛ ሐኪሞች በሽታን ስንከታተል አንድ ልማድ አለን። ቁስል የያዘ ሰው ሲመጣ ዛሬ ምን ያህል እንደሆነ ለክተን እንጽፋለን። ከሳምንት በኋላ እናወዳድራለን። ካልጻፍን «የተሻለው ይመስላል» እያልን እንሸወዳለን። ከተማም እንደዚያው ነው። በየቀኑ የምናልፍበትን ቆሻሻ ዓይናችን ይለምደውና ማየት ያቆማል። ፎቶ ግን አይለምድም።

ስለዚህ አንድ ቀላል ነገር ጀመርኩ። አንድ ቦታ መረጥኩ፣ ከገበያው ጀርባ ያለች ቱቦ። ሁልጊዜ ከአንድ ድንጋይ ላይ ቆሜ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ በየሳምንቱ አንድ ፎቶ። በቃ፣ ሌላ ጥበብ የለውም።

የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። የካቲት ነው፣ ደረቅ ነው። ቱቦዋ በፌስታል፣ በሃይላንድ፣ በጫት ገረባ፣ በተጣለ ዳይፐር ሞልታለች። አንድ ጥግ ላይ ሰው የተጸዳዳበትም አለ።

መጋቢት ገባ፣ ዝናቡ መጣ። እዚህ ቆላው ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲዘንብ አያባብልም፣ ይወርደዋል። በማግስቱ ጠዋት ድንጋዬ ላይ ቆሜ ፎቶ አነሳሁ። ቱቦዋ ንጹህ! አንድ ፌስታል የለም። ፎቶውን ያሳየሁት አንድ ልጅ «ዶክ፣ ማዘጋጃ ቤቱ አጸዳው ማለት ነው?» አለኝ።

ማንም አላጸዳም። ዝናቡ ወሰደው።

የት ወሰደው? ቱቦዋን ተከትዬ ቁልቁል ሄድኩ። ሩቅ አልነበረም። ወራጁ ጋ ስደርስ ሁሉም እዚያ ነው፤ ፌስታሉ ቁጥቋጦው ላይ ተንጠልጥሏል፣ ሃይላንዱ ዳር ላይ ተደርድሯል፣ ውሃው ቡና በወተት መስሏል። ከዚያ ዝቅ ብሎ አንዲት እናትና ሁለት ሴት ልጆች በጀሪካን ይቀዳሉ። ለመጠጥ ነው።

የእነሱን ፎቶ አላነሳሁም፤ ምክንያቱን ወደታች እነግራችኋለሁ። ያነሳሁት ውሃውን ነው። ሦስቱን ፎቶ ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ነው ነገሩ የሚገባው፦ የቆሸሸ ቱቦ፣ የጸዳ ቱቦ፣ የቆሸሸ ውሃ። ሁለተኛውን ብቻ ያየ ሰው «እንዴት ጎበዞች ናችሁ» ይለናል። ስለዚህ ውድ ቤተሰቦች፣ ንጹህ መንገድ ስታዩ «ቆሻሻው የት ሄደ?» ብላችሁ ጠይቁ።

በፎቶው የማይታየው

አሁን ወደ ሕክምናው ልግባ። ፎቶ ላይ ፌስታል ይታያል፣ ሰው የሚያሳምመው ግን በአብዛኛው ፌስታሉ አይደለም። ፌስታሉ ምልክት ነው። ፌስታሉን ያወረደው ጎርፍ ሜዳ ላይ የዋለውን ዓይነ ምድርም አብሮ አውርዷል። የኮሌራ፣ የታይፎይድ፣ የጃርዲያ፣ የአሜባ ተሕዋስያን በዓይን አይታዩም። ደረቅ ወራት ሙሉ ሜዳ ላይ የተጠራቀመው ሁሉ በመጀመሪያው ዝናብ በአንድ ቀን ወራጅ ውስጥ ይገባል። ለዚህ ነው የዝናቡ መጀመሪያ ለእኛ የተቅማጥ ወቅት የሚሆነው።

በዚያ ሳምንት ተቅማጥ ይዟቸው የመጡ ሕጻናት በዝተውብን ነበር። «ምክንያቱ ይሄው ቱቦ ነው» ብዬ በፎቶ ብቻ አልፈርድም፤ ያንን ለማለት ውሃው መመርመር አለበት። ግን ውሃውን አይቶ ልጁን ያየ ሐኪም ዝም ሊል አይችልም።

በሀገራችን በነሐሴ 2014 ዓ.ም በባሌ ዞን የጀመረው የኮሌራ ወረርሽኝ ብዙ ክልሎችን አዳርሶ ለረጅም ጊዜ መቆየቱን ታስታውሳላችሁ። ኮሌራ ቀልድ አያውቅም። እንደ ሩዝ ውሃ ያለ ተቅማጥ በብዛት ይወርዳል፤ ሰውየው ጠዋት ጤነኛ ሆኖ ማታ ሊሞት ይችላል። የሚገድለው የፈሳሽ እጥረቱ ነው። በጊዜው ፈሳሽ ከተተካለት ግን አብዛኛው ሰው ይድናል።

ሌሎች በፎቶዎቼ ያገኘኋቸው ነገሮችም አሉ፦

1. የኬሚካል ጀሪካን። የፀረ አረም ወይም የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ታጥቦ ውሃ ሲቀዳበት አይቻለሁ። እባካችሁ! ይህን በደንብ ስሙኝ። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል፣ ኬሚካልን ግን አያጠፋም። ውሃ አጋርም አያጠፋውም። ዕቃውን አሥር ጊዜ ብታጥቡትም ፕላስቲኩ ውስጥ የገባው አይወጣም። እንዲህ ያለ ጀሪካን ሳይበሳ አይጣል፤ ከተበሳ ማንም አይቀዳበትም። የማየት ብዥታ፣ የምራቅና የላብ መብዛት፣ ማስመለስ፣ የትንፋሽ ማጠር ካያችሁ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም፤ የተቻለ እንደሆነ የጀሪካኑን ጽሑፍ ፎቶ አንስታችሁ አምጡልን። ያ ፎቶ ሕይወት ሊያድን ይችላል፣ የትኛው መርዝ እንደሆነ የሚነግረን እሱ ነውና።

2. ጎማና ቆርቆሮ። ዝናብ ያቆረበት አሮጌ ጎማ፣ የተጣለ ጣሳ፣ ግማሹ የተቆረጠ ሃይላንድ ለኤደስ ትንኝ ጥሩ ቤት ነው። ኤደስ ደንጊ፣ ቺኩንጉንያ እና ቢጫ ወባ የሚያስተላልፉ ትንኞች ወገን ነው፤ የሚነክሰውም በቀን ነው። በ2005 ዓ.ም እዚሁ ደቡብ ኦሞ ውስጥ የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ተረጋግጦ የጅምላ ክትባት መሰጠቱን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ያቆረ ውሃ በሳምንት አንዴ ድፉ፣ ጎማውን ብሱት ወይም አፈር ሙሉበት።

3. የሚቃጠል ፌስታል። «አቃጥለን ገላገልን» የሚባለው አያስኬድም። የፕላስቲክ ጭስ ሳንባን ይጎዳል፣ አስም ያለበትን ያስነሳል። ከጭሱ ውስጥ ዳይኦክሲን የሚባሉ ለረጅም ጊዜ የማይጠፉ መርዞች አሉ። በተለይ እሳት ለመለኮስ ብላችሁ ምድጃ ውስጥ ፌስታል አትጨምሩ፤ ልጅ አዝላችሁ ነው የምታበስሉት።

4. ዝንብ። ዓይን ላይ የምታርፈዋ ዝንብ በብዛት የምትራባው ሜዳ ላይ በዋለ ዓይነ ምድር ላይ ነው። ትራኮማን ከዓይን ወደ ዓይን ታዛምታለች። ስለዚህ መጸዳጃ ቤት መጠቀምና የልጅን ፊት መታጠብ የዓይን ሕክምና ነው።

ስለ ላሟ

አንድ ቀን ቱቦዋ ጋ ቆሜ ሳነሳ አንድ የቦዲ አባት ቆም ብለው አዩኝ። አማርኛ ብዙም ስለማይናገሩ አንድ ወጣት አስተረጎመልን። «ልጄ፣ ፈረንጅ ሲመጣ እኛን ያነሳል። አንተ ደግሞ ቆሻሻ ታነሳለህ። ምን ያደርግልሃል?» አሉኝ። ሳቅን።

ስለ ባክቴሪያ ልነግራቸው ጀመርኩ፤ ብዙም አልማረካቸውም። ከዚያ ስልኬን ገልብጬ አንድ ፎቶ አሳየኋቸው፤ ላም ፌስታል ስትበላ። ፊታቸው ተለወጠ። ላም ፌስታል ስትበላ አይፈጭላትም፣ ጨጓራዋ ውስጥ እየተጠቀለለ ይከማቻል። ሆዷ ሙሉ ሆኖ በረሃብ ትከሳለች፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የሚታወቀው ታርዳ ሆዷ ሲከፈት ነው። አባባ ይሄንን ራሳቸው አይተውታል፤ ምክንያቱን ግን ማንም አልነገራቸውም ነበር። እዚያው ቆመው ወጣቶቹን ሰብስበው ማናገር ጀመሩ። እኔ የምለው አላስፈለገም።

ለጤና ባለሙያ ወንድሞቼና እህቶቼ የምለው፦ ሰው ከሚወደው ነገር ጀምሩ። ለቦዲ ከብቱ ሕይወቱ ነው። ለከተማው ሰው ደግሞ ልጁ ይሆናል፣ ሱቁ ይሆናል።

«ገመናችንን ለምን?»

ይሄኛውን ጥያቄ አቅልዬ አላየውም። ገመና መሸፈን ባህላችን ነው፣ ደግ ባህልም ነው። ግን ሐኪም ፊት ገመና የሚሸፍን ሰው ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ያልታየ ቁስል ያመረቅዛል።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም አዲስ አበባ ቆሼ ላይ የሆነውን አስታውሱ። ለአሥርት ዓመታት የተከመረ ቆሻሻ ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችን አለቁ። ተራራው በአንድ ቀን አልበቀለም። ሁሉም እያየው ነው ያደገው።

ከሀገር ውጪም አንድ ልጨምር። ጃፓን ውስጥ ሚናማታ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ አንድ የኬሚካል ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበት ፍሳሽ ወደ ባሕር ይለቅ ነበር። ሜርኩሪው ዓሣው ውስጥ ገባ፣ ዓሣውን ሰው በላ። መጀመሪያ ድመቶች እየተንቀጠቀጡ ሞቱ፣ ቀጥሎ ሰዎች እጅና እግራቸው አልታዘዝ አለ፣ ሕጻናት ከእናታቸው ማሕፀን ጀምሮ ተጎድተው ተወለዱ። በሽታው በይፋ የተመዘገበው በ1956 እ.ኤ.አ ነው፤ ፍሳሹ የቆመው ግን በ1968 ነው። ዩጂን ስሚዝ የሚባል ፎቶ አንሺ ከባለቤቱ ከአይሊን ጋር በ1971 ሄዶ ከሕዝቡ ጋር እየኖረ አነሳቸው፤ ዓለም ሚናማታን ያወቃት በእነዚያ ፎቶዎች ነው። በሥራው ላይ እያለም ክፉኛ ተደብድቧል።

ግን ታሪኩ እዚህ አያበቃም። ከፎቶዎቹ ሁሉ የታወቀው እናት አካሏ የተጎዳ ልጇን ገላዋን ስታጥብ የሚያሳየው ነው። ፎቶው በዓለም ሁሉ ሲዞር ቤተሰቡ ደከመው። ልጅቷም ካረፈች ቆይቷል፤ እንድታርፍ ፈለጉ። በ1998 አይሊን የፎቶውን መብት ለወላጆቹ መለሰች። እውነቱን ለማሳየት የተነሳ ፎቶም ቢሆን የተነሳው ሰው ሕይወት ነው፤ የአንሺው ዕቃ አይደለም።

እኛ ደቡብ ኦሞዎች ይሄ ነገር ይገባናል። ቱሪስት መጥቶ የሙርሲን እናት አንስቶ፣ ሂሳቡን ከፍሎ፣ ስሟን እንኳ ሳይጠይቅ ይሄዳል። እኔም ደግሞ በስልኬ ውሃ የምትቀዳን እናት «የቆሸሸ ውሃ ጠጪ» አድርጌ ልለጥፋት አልፈልግም። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ ሌላ ውሃ የላትም። ስለዚህ ያነሳሁት ውሃውን ብቻ ነው።

ፎቶ ማንሳት ለምትፈልጉ ወጣቶች

ብዙዎቻችሁ ከጂንካም፣ ከአርባ ምንጭም፣ ከአዲስ አበባም «እኛም እናንሳ?» ብላችኋል። አንሱ! ግን እንዲህ፦

👉 ከአንድ ቦታ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ ደጋግማችሁ አንሱ። አንድ ፎቶ ወሬ ነው፤ አሥር ፎቶ ማስረጃ ነው።
👉 ቀኑንና ቦታውን ጻፉ። ዝናብ ከዘነበ እሱንም ጻፉ።
👉 ውሃውን ተከተሉ። ከላይ ከየት መጣ? ከታች ማን ይጠጣዋል?
👉 የሰው ፊት፣ በተለይ የሕጻንና የታማሚ ፊት አታንሱ። የግድ ከሆነ ፈቃድ ጠይቁ፣ የት እንደምትለጥፉትም ንገሯቸው።
👉 የአንድን ሰው ቤት ወይም ሱቅ ነጥላችሁ አታሸማቅቁ። የተሸማቀቀ ሰው ቆሻሻውን በሌሊት ይጥላል እንጂ አያቆምም።
👉 መርፌ፣ የተሰበረ ጠርሙስ፣ ኬሚካል ካያችሁ በእጃችሁ አትንኩ።
👉 ከመለጠፋችሁ በፊት ለሚመለከተው አሳዩ፦ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ፣ ለቀበሌው፣ ለማዘጋጃ ቤቱ፣ ለውሃ ጽሕፈት ቤቱ። መልስ ለማግኘት ጊዜ ስጡ።
👉 የተስተካከለውንም አንሱ! ሰው ሲሠራ መመስገን አለበት።

እኛ ጋ ምን ተደረገ? ሦስቱን ፎቶ ለአካባቢው ሽማግሌዎችና ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አሳየን። መጀመሪያ ክርክር ነበር፤ «ደጋውም ይጥላል፣ ገበያተኛውም ይጥላል፣ ለምን እኛ» ተባለ። በመጨረሻ ወጣቶቹ ከወራጁ ርቆ ጉድጓድ ቆፈሩ። የቆሻሻ ጉድጓድም ሆነ መጸዳጃ ቤት ከውሃ መቅጃ ቢያንስ 30 ሜትር፣ ደግሞም ከውሃው በታች ባለው በኩል መሆን አለበት። ገበያ ውስጥ ሁለት ከረጢት ተሰቀለ፣ አንዱ ለሃይላንድ አንዱ ለሌላው።

ሁሉም ተፈታ አልልም። ጉድጓዱ እየሞላ ነው፣ ነፋስ ሲነሳ ፌስታሉ ይበራል። ከረጢቱን የሚያነሳ ቋሚ ሰው የለም። በ2017 ዓ.ም የተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል፤ አዋጁ ግን እስከ ሃና ገበያ በእግሩ ነው የሚመጣው፣ ቶሎ አይደርስም። እስከዚያ ዘንቢል ይዛችሁ ውጡ። እናቶቻችን ያለ ፌስታል ነው ያሳደጉን።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። ጂንካን አቋርጦ የሚሄደው ኔሪ ወደ ማጎ ይወርዳል፣ ማጎ ወደ ኦሞ ይገባል፣ ኦሞ ወደ ቱርካና ሐይቅ። ቱርካና ደግሞ መውጫ የለውም። ወደ ሐይቁ ከሚገባው ውሃ 90 በመቶ ገደማው ኦሞ ነው። ጂንካ ላይ የጣልናት ሃይላንድ የዳሰነች ልጅ የሚዋኝበት ውሃ ውስጥ ልትገኝ ትችላለች ማለት ነው። ሁላችንም ለሆነ ሰው ከላይ ነን።

እስከዚያው ቤታችሁ ውስጥ

ከተማው እስኪጸዳ ልጆቻችሁ ውሃ መጠጣት አያቆሙም። ስለዚህ፦

1. የደፈረሰ ውሃ መጀመሪያ ይጥለል። በደንብ በታጠፈ ንጹህ ነጠላ አጥሉት፤ ዝቃጩን ተዉት። በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ክሎሪን በደንብ አይሠራም።
2. ቀጥሎ አክሙት። ውሃ አጋር ካላችሁ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሩ፣ በደንብ አማስሉ፣ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ከሌላችሁ አፍሉት፤ ቡልቅ ቡልቅ ካለ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ደጋ ላይ ያላችሁ 3 ደቂቃ።
3. ማገዶም ውሃ አጋርም ከሌለ፦ የጠራ ውሃ ንጹህ፣ ቀለም በሌለው ሃይላንድ ሞልታችሁ ፀሐይ ላይ 6 ሰዓት አስተኙት፤ ደመና ከሆነ 2 ቀን። የሃና ፀሐይ ለዚህ ትጠቅመናለች።
4. የታከመ ውሃ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ። እጅና ኩባያ አይግባበት፤ በቧንቧ ወይም አጋድላችሁ ቅዱ።
5. እጅ በሳሙና፦ ከመጸዳጃ በኋላ፣ የልጅ ዳይፐር ከቀየራችሁ በኋላ፣ ምግብ ከመንካታችሁ በፊት። ሳሙና ከሌለ አመድ።

ልጅ ተቅማጥ ከያዘው፦ አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ በጥብጡ (የአንድ ሊትር ሃይላንድ እዚህ ላይ ጥሩ መለኪያ ነው)። በማንኪያ ቀስ እያላችሁ፣ በተቀመጠ ቁጥር ስጡት። ከ24 ሰዓት በኋላ የቀረውን ድፉና አዲስ በጥብጡ። ጡት አታቋርጡ፣ ምግብም አትከልክሉ። ዚንክ ከጤና ኬላ ጠይቁ፤ ተቅማጡ ቢቆምም የተሰጣችሁን ሁሉ ጨርሱ።

ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ ሽንት ከቀነሰ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ከደከመና ከፈዘዘ፣ ሰገራው ደም ካለው ወይም እንደ ሩዝ ውሃ ከሆነ «እስኪነጋ» አትበሉ። በሌሊትም ቢሆን አምጡት፤ በመንገድ ላይም ኦአርኤሱን እየሰጣችሁ።

እንግዲህ ቆሻሻ የምለጥፈው ለዚህ ነው። የሆስፒታል አልጋ ላይ ያለውን ልጅ ፎቶ ከማሳያችሁ፣ አልጋው ላይ ያመጣውን ውሃ ባሳያችሁ እመርጣለሁ።

በአካባቢያችሁ ያለው ቱቦ መጨረሻው የት ነው? ነገ ጠዋት ተከትላችሁት ሂዱና ያያችሁትን በአስተያየት መስጫው ጻፉልኝ። ጽሑፉን ለእናቶችና ለወጣቶች ሼር አድርጉላቸው፤ ማንበብ ለማይችሉ ደግሞ አንብቡላቸው።

ጤና ይስጥልን!

ዶክተራችሁ፣ ከሃና